የታለበው ሰው

ከአትላንቲክ በኩል ጉም ሌሊቱን ወጥቶ፣
በጥቁር ድንጋይ ካብ፣ በላም ጀርባ ተኝቶ፣
ቴርሴይራ ደሴት ነጭ ባዘቶ ለብሳ፣
ስልኬ ጮኸችብኝ ከአልጋዬ ቀስቅሳ።
ግራሲየት ነበረች፣ የሌሊት ተረኛ፣
ድምፅዋ የሚርገበገብ እንደ ሕልመኛ፦
«ዶክተር፣ አልጋ ዘጠኝ፣ ቤልሚሮን ማለቴ፣
በቱቦው የሚወርድ ወተት ነው፣ በሞቴ!»

አምስት ቀን ሆኖታል ሆዱን ከከፈትኩት፣
በቀኝ የበቀለ ዕጢውን ካወጣሁት፣
የተረፈ አንጀቱን ጫፍ ለጫፍ ከሰፋሁት።
ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ የሚያስፈራኝን አውቃለሁ፦
የጠበቀ ስፌት ሲላላ አይቻለሁ፣
ሐሞት፣ ደም፣ መግሉንም ስቀዳ ኖሬያለሁ፤
ነጭ ግን፣
ነጭ ግን ከመጽሐፍ ገጽ ውጪ አላየሁም።

እየሮጥኩ ገባሁ። ትኩሳት የለውም፣
ሆዱ ለስላሳ ነው፣ ሲነኩት አያመውም።
ትናንት ነው ሾርባውን በቅቤ የጠጣው፣
ዛሬ ነው ቱቦው ውስጥ ንጣቱ የመጣው።
ቤልሚሮ አየኝና፣ ጣቱ የጎበጠ፣
ስፌቱን በእጁ ደግፎ፣ ሳቁን እየዋጠ፦
«አርባ ዓመት አለብኩ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፤
ዛሬ እኔው ታለብኩ፣ በጀርባዬ ተኝቼ!»

አልሳቅሁም።

ናሙናውን ላክሁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ
ጣቶቼን አያለሁ፣ የቱ ይሆን የሳተው ስል፣ ስመልስ።
መልሱ መጣ፦ ስብ ነው።
ከአንጀት ኋላ አለ፣ ከጸጉር የቀጠነ፣
ቅባትን ወደ ደም የሚያደርስ ስውር መንገድ የሆነ፤
ዕጢው እንዳይመለስ ንፍፊቶቹን ስለቅም፣
አንዱን ክር ቆርጬ ሳልቋጥር ሄጃለሁ፣ ሳላውቅም።
ደም ቢሆን ይጮኻል፣ ቀልቶ ያሳጣል፤
ይሄ ግን ዝም ብሎ፣ ሰውየው እስኪበላ ጠብቆ ይመጣል።

«እንደገና እንክፈት» አለኝ አዴሊኖ፣
ወጣት ነው ረዳቴ፣ በስለት ተማምኖ።
«ቆይ» አልኩት፤ «ይሄን ቀዳዳ
ከመርፌ ይልቅ ጾም ይደፍነው ይሆናል።»

ቅቤ ተከለከለ፣ አይብ ተከለከለ፣
ወተት ለባለ ወተቱ እርም ነው ተባለ።
በጉበት ደም ሥር የሚያልፍ፣ ያን ክር የማይነካ
ልዩ ዘይት ሰጠነው፣ በማንኪያ እየተለካ።
በቀን ሦስቴ መርፌ ቆዳው ሥር ወጋነው፣
የአንጀቱን ፈሳሽ ያረግበው ብለን ነው።
ግራሲየት በየማለዳው ጠርሙሱን ለክታ ትጽፋለች፦
ስምንት መቶ። ስድስት መቶ። አራት መቶ ሃያ።
ሐሙስ ጠዋት ደግሞ፣ ዘጠኝ መቶ።

ማንም አልተናገረ፤ ጠርሙሱ መሰከረ።
ከትራሱ ሥር፣ በመሀረብ የታሰረ፣
ግማሹ የተገመጠ ቁራጭ አይብ ነበረ።
ሚስቱ ዴኦሊንዳ፣ መሬት መሬት አይታ፦
«ሲከሳ እያየሁት፣ አንጀቴን ሲበላው ማታ ማታ…»
ምን ልመልስላት?
አንጀት እንደሚበላ እኔም አጥቼው አይደል።

ከዚያ አፉ ተዘጋ። ሁለት ሳምንት ሙሉ
በአንገቱ ደም ሥር ነው ቁርስ ምሳ እራቱ ሁሉ።
የሚገባው ከረጢትም፣ ይገርማል፣ ነጭ ነበረ፤
ነጭ ከላይ ሲወርድ፣ የታችኛው ግን እያጠረ፣
ሦስት መቶ። መቶ አሥር። ሠላሳ። ጠብታ።
እንደ እውነት፣ እንደ ንጋት፣
እያደር እየጠራ፣
የስንዴ ገለባ መሰለ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ቱቦውን ሳብኩለት፤
የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጠባሳ ቀረችለት።
«እኔ ደረቅሁ» አለኝ ጫማውን ሲያጠልቅ፣
«ላሞቹ ባይሰሙ ይሻላል።»

ለገና አንድ አይብ ላከልኝ፣ ድፍን፣ ክብ፣ ቢጫ፤
በላዩ ባለ ወፍራም ወረቀት «ለአላቢዬ» ይላል።
ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሽታው ክፍሉን ሞልቷል።
ቢላ አንሥቼ ነበር።
መልሼ አስቀመጥኩት።