ተነቦልኝ፣ ተረድቼ

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፤
ገጹ ሠላሳ ብር ነው፤ ይኸው ነው የሚገባኝ።
ጠረጴዛዬ ከአጥር ጥግ፣ መሐል ሜዳ፣ ፍርድ ቤት በር፤
ውርጭ ቀለሙን ሲያረጋው፣ በትንፋሼ የማሞቀው ብዕር።

ማክሰኞ ጧት፣ ጭጋጉ ከጓሳ ወርዶ ሳይገፈፍ፣
እት ጥሩአየር መጣች፣ በባና ተሸፍና እስካፍ።
ሱፍ ፈታይ ናት፤ ጣቶቿ እንዝርት ሲያሾሩ የኖሩ፤
ከመቀነቷ አንድ መጥሪያ፣ ላብ ያወዛው ዳር ዳሩ።
«ተቀመጪ» ብላት፣ «የለም» አለች፣ «ቆሜ ልስማ፤
ቁጭ በይ ተብሎ የሚነገር ደግ አይደለም በጧቱማ።»

አነበብኩ፦ «ከሳሽ፣ ነጋዴው ሽፈራው፤
አንደኛ ተከሳሽ፣ ውብሸት» — የወንድሟ ልጅ፣ ያሳደገችው፣
በአይሱዙ በግ ሲጭን የኖረው፣
ዘንድሮ ስልኩም መኪናውም የት እንደገባ ያልታወቀው።
«ሁለተኛ ተከሳሽ» — እሷ። ዝም አልኩ። «ቀጥል» አለች።
ቀጠልኩ። ቃል በጠራሁ ቁጥር ታስቆመኛለች።

«ወለድ? በማን ቤት ማን ወለደ?
እኔ መካኗ እንዲሁ ቀረሁ፣ ዕድሜዬ እንደዋዛ ነጎደ።»
«ብር ብርን ይወልዳል፣ እት ጥሩአየር፤ ዓመት ሲሞላው ይደርሳል፤
የልጅ ልጁ ሲጨመር፣ እናቱን በቁመት ይበልጣል።»
«መያዣ?» — «ቤትሽ ነው።» — «ቤቴማ እኔን ይዞኝ ኖረ፣
ከብርዱም ከሰው አፍም፤ መች በእጄ ነበረ?»

«በአንድነትና በተናጠል?» እዚህ ላይ ብዕሬን ጣልኩ፤
ሕጉን በሕግ ቋንቋ ማስረዳት ድንጋይ ማላመጥ መስሎኝ ተውኩ።
«ሁለት በሬ ጠምደሽ፣ አንዱ ቀንበር ሰብሮ ቢያመልጥ፣
ባለማሳው ግማሹን አይምርም፤ የቀረው ሙሉውን ይገልብጥ።»

ሳቀች። ሳቋ ደረቅ ነው።
ጣቷን ቀሰረች ወደ ማዶ፣ «ያ ታፔላ ምን ይላል?»
«ኃላፊነቱ የተወሰነ። ቢከስር እንኳ፣ ባለቤቱ ከቤቱ ይተኛል።»
«ለሱ ድንበር የሠራለት፣ ለኔ ሲሆን ምነው ረሳኝ?
ዋስ ሁኚ ሲሉኝ እኮ፣ አመሉን መመስከር መሰለኝ፤
ደግ ልጅ ነው አልኩ፤ ደግነቱን በብር ሊተምኑት ማን ነገረኝ?»

ከጉያዋ ድውር አወጣች፣ የግራጫ በግ ጠጉር፤
ቆማም ቢሆን ጣቷ አይቦዝን፣ ከክር ጋር ነው የምትኖር።
«የክር ውል ይጠፋል፤ በጨለማም ዳስሼ አገኘዋለሁ፤
የናንተስ ውል ጫፉ የት ነው? የቱን ብስብ እፈታለሁ?»

ጫፉን ላሳያት ገለጥኩ፣ ከክሱ ኋላ የተያያዘውን፣
የውሉን ቅጂ፣ ወደ ግራ የሚያዘነብለውን ፊደሉን።
አወቅኩት።
የኔ እጅ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የገና ሰሞን፣ ገጹ ሃያ ብር ሳለ፣
ወረፋው አጥሩን ዞሮ፣ ሰው በሰው ላይ ሲደራረብ፣
ጻፍኩት እንጂ አላነበብኩላትም፤ ክፍያው ለመጻፍ እንጂ፣ አይደለም ለማንበብ።
ከግርጌው፣ ለሁሉም የምጽፈው፦ «ተነቦልኝ፣ ተረድቼ፣ ፈቅጄ ፈረምኩ።»
አውራ ጣቷን ይዤ ከቀለሙ ያኔ እኔው ነኝ የነከርኩ።

ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለት ዓመት ዘግይቼ።
እሷም ቃሉን ደገመችው፦ «ተረድቼ? ተረድቼ?
እኔ የተረዳሁት ሁለቴ ነው፤ አባቴን፣ ከዚያ ወንድሜን፣
ጎረቤት በጧት ከቦኝ፣ አዘቅዝቄ ነጠላዬን።
ያን ለታ ማንም አላረዳኝ፤ ጣቴን ይዘህ ነው የሸኘኸኝ፤
በል እንግዲህ፣ ይኸው ዛሬ፣ በማለዳ፣ አረዳኸኝ።»
ወንበሩን ሳበች። ተቀመጠች።

አዲስ ገጽ ዘረጋሁ፦ «የተከሳሽ መልስ።
ውሉ አልተነበበላትም።» እስከዚህ ብዕሩ ፈሰሰ።
«የሰው ማስረጃ፣ ተራ ቁጥር አንድ» —
እዚያ ላይ ቀለሙ ረጋ።

ከጀርባዋ ወረፋ አለ፤ ስድስት ሰው፣ ስድስት የታጠፈ ወረቀት፤
የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነ ከዚህ ሆኜ አይታየኝም።
ብዕሩን ካፌ አስጠግቼ፣ ቆይቼ፣ ተነፈስኩበት፤
«አጎናፍር ወልደየስ» ብዬ፣ የገዛ ስሜን ጻፍኩበት።