ዝቅተኛው ዋጋ

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በሻማ ቆጠርን፣
አዘዞ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣ ብየዳ ቤት አድረን፤
ብረቱን በኪሎ፣ ጣውላውን በሜትር፣
ኤሌክትሮዱን፣ ጫኝ አውራጁን፣ የጥበቃውን ብር።
«አምና በስምንት ብር ከእጃችን ወጣ» አለ ያለለት፣
«ዘንድሮስ ትርፉ ይቅር፤ ሥራው ይግባ ከቤት።»
አራት መቶ ዴስክ። ያንዱ ዋጋ ሲወርድ፣ ሲሰረዝ፣ ሲወርድ፣
የሻማውም ቁመት አብሮት ሲያጥር፣ ሲነድ፤
ሲነጋ ከሻማው የቀረች ጠብታ
የኤንቨሎፑን አፍ አሸገች በዝግታ።

ሲፒኦ አያይዘን ፒያሳ ወጣን፤
ከአዳራሹ ኋላ፣ ከበሩ ጥግ ተቀመጥን።
ጸሐፊዋ ቀደደች። አነበበች። ቆመች።
መነጽሯን ጠርጋ ቁጥራችንን ደገመች።
አቶ ቢምረው ዞሮ ጨበጠን፤ ሳቀ፤
ያሸነፍነው እኛ፣ እሱ ግን ደመቀ።

ደረጃው ላይ ያለለት ቀጥ ብሎ ቆመና
«ቀለሙን... ደምረነዋል ወይ?» አለኝ በልመና።
አልመለስኩም።
ቀና ስንል ግንቡ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ኖራው ዘመን ጠግቦ፤
«ይሄንስ የሠራው ስንት ሞልቶ ይሆን?» አለኝ ዓይኑን አጥብቦ።

ሳቅን። ሰሙስ የኛው ነው፤ ወርቁን እንጃለት፤
ብየዳውን ለኩሷል አሁን ያለለት።
የመጀመሪያው ዴስክ ቆመ። ወጣሁበት። ዘለልኩ።
አልተነቃነቀም።
ቀለሙን ከማን እንደምበደር ያን ጊዜ አሰብኩ።