ቁርጥ

ካዛንቺስ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣
የሰው ሠርግ ስቆርጥ ስቀጥል የራሴን እንቅልፍ ሳጣ፣
«ቀይረው!» ይለኛል ሸዋንግዛው፣ «አዲሱ ፈጣን ነው፤
በነፃ ጫን፣ በነፃ ሥራ፤ የምትፈራው ምንድነው?»

እውነቱን ነው። የኔው አሮጌ
«ጯ»ን ስጽፍ ሣጥን ያደርጋታል፤
ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ደርሶ
እንደ እልኸኛ በቅሎ ይቆማል።

ትናንት ማታ አዲሱን ሞከርኩ።
ቁረጥ ስለው ዘረጋ፣ ዘርጋ ስለው ዘጋ፤
ሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ፣ ማብሪያው ጠፍቶኝ
ግድግዳ ስዳብስ ነጋ።
አሥራ አንድ ዓመት ሳላየው የሚሠራ ግራ እጄ
ጭኔ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ደግሞ የእትዬ አስካለ ልጅ ሠርግ አለ፦
ድንኳኑ ከዚሁ ከመስኮቴ ሥር፣
የቆርቆሮው አጥር፣ ሰማያዊው በር፣
ዛሬ ግሬደር የደለደለው ሰፈር።
አዲሱ «ይህ ፋይል አይታወቅም» ይላል።
አይታወቅም?
ውሻቸውን እንኳ በስሙ እጠራዋለሁ እኮ።

ሸዋንግዛው ጠዋት መጣ።
«እህሳ፣» አለኝ፣ «ቆረጥክ?»
ስንቱን ስቆርጥ የኖርኩ ሰው መልስ አጣሁ።
«ይህቺን ሠርግ ላስረክብና...» ስል
መብራት ሄደ።