አንድ ፊደል

ሰኞ ጠዋት፣ አፉላ፣ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ
ዚቭ ወረቀት ይዞ መጣ፤ "ይቺን እስቲ እይ፤
ማዘጋጃ ቤት ለአውቶቡስ ማቆሚያው አዟል፤
ባማርኛም ይጻፍ።" ጥቅሱም እንዲህ ይላል፦

          ውሃ አይጠይቅም፤ መንገዱን ያውቃል።
          — የጥንት ቻይናዊ ጠቢብ

ስም የለው ጠቢቡ፣ ዘመንም የለው፤
አገር ብቻ ነው ያለው።
እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፤
ምንጩን ያላየሁት ውሃ አይዋጥልኝ።

ደወልኩ።
መጀመሪያ ያተመው ሰው ያለው ሐይፋ፤
"ሥልጠና ላይ ሰማሁት" አለ፣ ድምፁ እየጠፋ።
አሠልጣኙ ጊልዓድ፣ ሳቁ ጥርሱ ላይ የቀረ፣
"ከኮሎኔሌ ነው" አለኝ። ትንሽ አፈረ።
"'መንገዱን ያውቃል' ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤
ጎዶሎ ነበረች። ቻይናዊም ጨመርኩላት፣ እንድታምርልኝ።"

ኮሎኔሉ ጡረታ ወጥቶ ወይራ ያጠጣል፤
"ጥብርያዶስ፣ ሆቴል፣ አንድ ክረምት" ይላል፤
"የአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ቃል ነበር፣ በናንተ ቋንቋ፤
እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ተረጎመልኝ በቋንቋችን።" አበቃ።

ታቦርን በግራ ትቼ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።
አሳንሰሩ ተበላሽቷል። ሦስት ፎቅ ቆጠርኩ።
እናኑ ጀምበሬ፣ ጉልበቷ በሻሽ የታሰረ፣
ጥቅሱን ሳነብላት ፊቷ በሳቅ ሰከረ።

"እኔ? ጠቢብ?" አለች፣ እስክትስል ሥቃ።
"ልጄ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ቧንቧ ፈነዳ፤
ውሃው ወረደ፣ ምንጣፉ ተጎዳ፤
አለቃው ጠራኝ፤
ከደመወዜ ስድስት መቶ ሸቀል ቆረጠብኝ።
እኔም አልኩ፦ 'ውሃ አይጠየቅም፤ ጠራጊ ይጠየቃል።'
ያ ልጅ ግን እዚሁ ነው የተወለደው፤ ያማርኛችንን ግማሹን ይሰማል፣
ግማሹን ይገምታል።"

አይጠየቅም። አይጠይቅም።
"የ" ወደ "ይ" ዞረ፤
ክስ ነበረ፣
ምክር ሆኖ ቀረ።

ልጁን አልፈረድኩበትም።
እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ሐኪም ፊት ቆሜ፣
እናቴ "አንጀቴ አረረ" ስትል — ታላቅ ወንድሜ
በሞተ በሳምንቱ —
"ሆዷን ያቃጥላታል" ብዬ ተረጎምኩ።
የጨጓራ ኪኒን ሰጧት።
ወር ሙሉ ዋጠችው፣ በውሃ።

"ስምሽን ልጻፈው?" አልኳት ስነሳ።
"ስሜ ምን ይሠራል? ስድስት መቶ ሸቀሌን ጻፍ፣ እንዳይረሳ።"

ማታ ማሽኑ ጋ ብቻዬን ቀረሁ።
ዕብራይስጡን እንደታዘዘው፣ ከነቻይናዊው፣ ተውኩ።
ከሥሩ ባማርኛ የእናኑን አሰፈርኩ።
ዚቭ አንገቱን አዘንብሎ አየ፤ ፊደሉን አያውቅም፤
"ያምራል" አለ። ሌላ አልጠየቀም።

አሁን ማቆሚያው ላይ ተማሪዎች
በላይኛው ሥር ቆመው ፎቶ ይነሣሉ።
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ፣
የመጀመሪያውን አውቶቡስ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ፤
አንዷ፣ ማንበብ ለማትችለው፣ የታችኛውን በጣቷ እየተከተለች
ታነብላታለች፦

          ውሃ አይጠየቅም፤ ጠራጊ ይጠየቃል።
          — ስድስት መቶ ሸቀል፣ ጥብርያዶስ

"እስቲ ድገሚልኝ" ትላታለች።
አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ይከፍታል።