ቤት መምታት

ደብተሬ የሒሳብ ነው፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል፤
ከፊት ለፊት እኩልታ፣ ከኋላ ግጥም የሚንጠለጠል።
አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ፣ ከመስኮቱ ሥር ተጥዬ፣
የመጀመሪያዬን ጻፍኩ፣ «ጨረቃዬ ሆይ» ብዬ።
ጽጌረዳም ነበረበት፣ የዕንባ ጎርፍም፣ ማዕበልም፤
ማዕበል አይቼ አላውቅም፤ በኛ ወንዝ ከፌስታል በቀር የሚንሳፈፍ የለም።
ፊርደውስ አነበበችና፣ «ልጁ ማነው?» አለችኝ፤
«ማንም» ስላት፣ «ታዲያ ለማን አለቀስሽ?» ብላ አሳቀችኝ።

ቲቸር ይርዳው ግን አልሳቀም። በካፖርቱ፣ ዕድሜ በጠገበ፣
መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ገፍቶ፣ ሁለት ጊዜ አነበበ።
«ይቺ ስንኝሽ ታነክሳለች፤ ቤትም አትመታም» አለኝ።
ቤት መምታት። ቃሉ እስከ ሰፈሬ ድረስ ተከተለኝ።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ በእግሬ ፊደል እየቆጠርኩ፣
ስድስት ረግጬ ተንፍሼ፣ ስድስት ደግሞ እየጨመርኩ፣
ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሰው ገፍቶኝ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤
ይቅርታም ሳይል አለፈ፤ ግን ለቀጣዩ ስንኝ
«ገፋኝ» የሚል ቃል ሰጠኝ።

አባቴ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ከሲኒማ ቤቱ ደረጃ ሥር ያጎነብሳል፤
በአንድ ዓይኑ መነጽር ሰክቶ፣ የሞተ ደቂቃ ይቀሰቅሳል።
«ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አለኝ፤ ነገርኩት፤ ሳቀ፤ ሳለ፤
«የኔም ሥራ ያው ነው፤ አንዷ ጥርስ ከጎደለች ሁሉም ይቆማል» አለ።
ከዚያ ወዲህ ያረጀ ደረሰኝ ይሰጠኛል፣ ጀርባው ባዶ፤
ፊቱ ላይ «ባትሪ፣ ሠላሳ ብር»፣ ጀርባው ላይ የኔ ጉድና መርዶ።

ሰፈራችን እሪ በከንቱ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤
ከሱ የበለጠ ስንኝ ግን እስከ ዛሬ አልጻፍኩም።

«ጨረቃን ተያት» አለኝ ቲቸር፣ «እሷ ገጣሚ መች አጣች?
እናንተ ቤት ማታ ማታ ምን ይሰማል? ማን አመሸ? ማን መጣች?»

የአባቴ ሳል። በቆርቆሮው ላይ የድመት ሩጫ።
የእትዬ ሙሉጎጃም ሬዲዮ፤ ስንጥቁ ግድግዳ የወሬው ማምለጫ።
እንዳለ ጻፍኩት። አነከሰች፣ ግን በገዛ እግሯ ሄደች፤
ከቀይ እስክሪብቶው ተርፋ ወደ ደብተሬ ወረደች።

ከዚያ በሚያዝያ ሌላ ቀይ በራችን ላይ ተጻፈ፤
አንድ ቁጥር፣ አንድ ምልክት። የጻፈው ልጅ ሳያንኳኳ አለፈ።
የቲቸር እርማት ይመስል ደጋግሜ አየሁት፤
የቱ ጋ እንዳነከስን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

ሎደሩ ጠዋት መጣ። እትዬ ሙሉጎጃም ሬዲዮዋን እንዳቀፈች፣
ድመቷም ከቆርቆሮው ዘላ በእግራችን መሐል አለፈች።
አባቴ የበሩን ማጠፊያ በዚያች በሰዓት መፍቻ ሲፈታ፣
ሎደሩ አንዴ አፈገፈገ፤ ተመልሶ ቤት መታ።

ሳቄ መጣ። እዚያው ቆሜ። አባቴ ደንግጦ አየኝ፤
ሰሙ አቧራ ሆኖ ቦነነ፣ ወርቁ ዓይኔ ውስጥ ገባብኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለት አውቶቡስ ይዤ አራት ኪሎ እወርዳለሁ፤
በደረሰኝ ጀርባ እጽፋለሁ፣ ቦታ ሲያንሰኝ መዳፌ ላይ እጨርሳለሁ።
ዓርብ ከሰዓት አዲሷን ግጥም በክፍሉ ፊት አነበብኳት፤
ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ወረቀቷን በሁለት እጄ ያዝኳት።
ፊርደውስ አልሳቀችም። አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ጎተተ፤
ቲቸር ይርዳው ወደ መስኮቱ ዞሮ ብዙ ቆየ፤ ጠመኔውን ነካ፣ ተወ፤ ነካ፣ ተወ፤
«የመጨረሻውን ድገሚው» አለኝ፣ «እሱ ቤት አልመታም»።

«አውቃለሁ» አልኩት።
«አንድ እንኳ ሳይመታ
ቆሞ ይደር።»