አርባ አንድ

ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣
አፈሩ እንዲላላ፣ ለከንቲባው እጅ እንዳይከብድ።
አካፋው አዲስ ነው፣ እጀታው ላይ ሪባን ታስሯል፤
ሦስቴ ይዝቅበታል፣
ፎቶ ይነሳበታል፣
ከዚያ ጭቃ የነካው ጫማውን ያያል።

ፖርቶ ላይ ኅዳር ነው። ዝናቡ መውረዱን ትቶ አየር ላይ ቆሟል፤
ጉም ከወንዙ ወጥቶ የየቤቱ ግድግዳ አልቦታል።
ካሜሊያዋ ትንሽ ናት፣ ወገቤን አታልፍ፤
ሰሌዳው ነው ከእሷ የሚገዝፍ፣
«ለኡላሊያ ሳምፓዮ፣ ለሰፈራችን እናት» የሚል ተቀርጾበት።
እናት! እሷ እኮ የጨለማ ሒሳብ ሹም ነበረች፣
ያለ ደመወዝ፣ ያለ ሹመት፤
ማታ ማታ ዳገቱን ወጥታ፣
የጠፉ የመንገድ መብራቶችን ቆጥራ፣
ቁጥራቸውን በደብተር አስፍራ፣
ሐሙስ ሲሆን ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ፣ ጃንጥላዋን ተመርኩዛ።
ለመነች አልልም፤
ሠላሳ ዓመት ነዘነዘች። እነሱ ሰለቻቸው፣ እሷ ግን አልደከማትም።
ሽማግሌ የሚይዘው፣ የደረጃው መደገፊያ ብረት
የዚያ ንዝንዝ ፍሬ ነው።

አምብሮዚዮ አልመጣም። ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር፣
በየስብሰባው ፊት ለፊት ተቀምጦ «አይሆንም» የሚላት የነበር፤
መብራት ስትል «ለሌባ ያሳያል»፣ ብረት ስትል «ይዝጋል»፣
ወንበር ስትል «ሰካራም ይተኛበታል»።
አለመምጣቱን ሁሉም አየ፣ ማንም አላነሳ።

እኔን የከነከነኝ ግን ሽቦው ነው፤
ከችግኝ ጣቢያ ስትመጣ ሥሯን ጠፍንጎ የያዛት፣
ልቆርጠው ስል «ቶሎ በል፣ መኪናው ይጠብቃል» ብለው
አፈር ያለበሱባት።
የታሰረ ሥር አምስት ዓመት ያብባል፣ ከዚያ በራሱ ይታነቃል።
ይህን አትክልተኛ ያውቃል፤
ንግግር ያደረጉት ግን ጃንጥላቸውን አጥፈው ሄደዋል።

ሲመሽ ጉጠቴን ይዤ ተመለስኩ።
ሰው አለ። ተንበርክኮ፣ ባርኔጣውን መሬት ላይ ጥሎ፣
በጥፍሩ አፈሩን ይጭራል፣ የቆርቆሮ መቀስ ከጎኑ አኑሮ፤
አምብሮዚዮ።
ቀና አላለም።
«ሞታም አላሳረፈችኝ» አለ። «ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»
ያዝኩለት። ሽቦው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተበጠሰ፤
ሥሩ እንደ ደነዘዘ ጣት ቀስ ብሎ ተላወሰ።

«አይታየኝም» አልኩት። ከራሳችን በላይ ያለው መብራት ጠፍቷል።
ያኔ ገና ቀና አለ።
ተነሥቶ ምሰሶው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
አርባ አንድ።
ከኪሱ አሮጌ የትራም ቲኬት አውጥቶ በጭቃማ እጁ ጻፈ።
«ነገ ቀኑ ምንድን ነው?»
«ሐሙስ።»
ባርኔጣውን አነሣ፣ አራገፈ።