አንጓ

አፉላ፣ ነሐሴ፤ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
ከዚኖቪ ሱቅ ገባሁ፣ ለዓሣዎቼ ጥላ ልመርጥ።
ሁለት ለምለም ዘንጎች ከገንዳው አወጣ፣
ጎን ለጎን አስተኛቸው በእርጥብ ጋዜጣ።
«ያው ናቸው፣ ካቦምባም አምቡሊያም» እያለ፣
አሥር ሼቄል ጠርቶ፣ የስልክ ወሬውን ቀጠለ።

ያው!
እኔንም ክሊኒኩ ውስጥ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣
በስሜ ፈንታ «ፈንታነሽ» እያሉ፤
እሷ ግራኝ ናት፣ ጉንጯ ስርጉድ፤ መች አስተዋሉ?

መነጽሬን አጠለቅሁ፤ አንጓው ላይ አጎነበስኩ።
የአንዱ ቅጠል ጥንድ ጥንድ፣ ባለ አጭር እጀታ፤
የሌላው ግንዱን ከቦ፣ ያለ እግር ተለጥፎ፤
ትንሽ ባሸው፣ ጣቴ ላይ ቀረ የሎሚ ሽታ።

«ይኼኛውን» አልኩት።
ከረጢቱን ሲያስር፣ «ስሙንም ጻፍበት።»
ዚኖቪ ሳቀ።
ቆይቶ፣ እስክሪብቶ ፈለገ።